«የመጨረሻው ስንት ነው?»

መርካቶ ገብቶ የተጠራለትን ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አላየንም። ካለም ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ወይ ደግሞ የሰው ገንዘብ ይዞ የመጣ ነው። ይህችን ሁለተኛዋን ያዙልን፤ ዛሬ የምናወራው ስለ እሷ ነው።

ከመሐላችን የአንዷ እናት ጫማ ሲገዙ ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። መጀመሪያ ጫማውን አገላብጠው ያዩታል፤ ሶሉን ይጫኑታል፤ አፍንጫቸው ላይ አስጠግተው ያሸቱታል። «ይሄ እኮ ቆዳ አይደለም» ይላሉ። ባለሱቁ ይምላል። ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ሰምተው ይስቃሉ። ከዚያ ወጥተው ሦስት ሱቅ ይዞራሉ። ተመልሰው በዚያው በር ሲያልፉ ባለሱቁ ራሱ «ማዘር፣ ይምጡ ይውሰዱት በቃ» ብሎ ይጠራቸዋል።

እኚህ እናት የሠሩት ሁለት ነገር ነው። የተጠራውን ዋጋ ከሌሎች ሱቆች ዋጋ ጋር አስተያዩ፤ ዕቃው ከምን እንደተሠራና ምን ሊያወጣ እንደሚችል ደግሞ ከውስጡ ገመቱ። የግዥ ባለሙያዎች የመጀመሪያውን የዋጋ ትንተና፣ ሁለተኛውን የወጪ ትንተና ይሉታል። አንድ መንግሥት ከኮንትራክተር ጋር ተቀምጦ ስለ ዋጋ የሚነጋገርበት ሙያ፣ የቱንም ያህል ወፍራም መጽሐፍ ቢጻፍበት፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ብዙም አይርቅም።

እኛን የሚገርመን፣ ለአንድ ጥንድ ጫማ ይሄን ሁሉ ብልሃት የሚያወጣ ሕዝብ ግድብና ፋብሪካ ሲገዛ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ማለቱን መርሳቱ ነው። ረሳ ካልን ነው እንግዲህ።

ሦስቱ ፕሮፎርማ

አንድ ጓደኛ አለን። ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አንጠራም። የግዥ ኮሚቴ አባል ነበር። ለቢሮ ዕድሳት ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ቀረበላቸው፤ ሦስት የተለያየ ማኅተም፣ ሦስት የተለያየ የንግድ ስም፣ ሦስት የተለያየ ስልክ። ጓደኛችን ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ አንዱ ላይ «ቀለም ቅብ» የሚለው «ቀለም ቅም» ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛውን አየ፤ «ቀለም ቅም»። ሦስተኛውም «ቀለም ቅም»። ለሰብሳቢው አሳያቸው። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ዝቅተኛው የቱ ነው?» ብቻ አሉ። ዝቅተኛው ተመረጠ፣ ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፣ ሻይ ተጠጣ።

ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ወረቀቱ የጎደለው ነገር የለም። ነገ ኦዲተር ቢመጣ ሦስት ዋጋ ተሰብስቧል፣ ዝቅተኛው አሸንፏል፣ ሁሉም ፈርሟል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥራው በእውነት ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ዋጋውን ከዋጋ ጋር አስተያዩ እንበል ቢባል እንኳ ያስተያዩት ከራሱ ከሰውየው ጋር ነው።

እዚህ ላይ ሕጉን ማማት አንፈልግም። በግልጽ ጨረታ ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ከተጫራች ጋር ተቀምጦ ዋጋ መደራደር በአገራችንም በሌላውም ዓለም ባብዛኛው የተከለከለ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የድርድር ጠረጴዛ ቶሎ ብሎ የጉቦ ጠረጴዛ ይሆናል። ጨረታ ድርድሩን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ የታሸገ ፖስታ ውስጥ ያስገባዋል። ተጫራቹ ዋጋውን ሲጽፍ የሚደራደረው ከማያያቸው ተወዳዳሪዎቹ ጋር ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 ግልጽ ጨረታን ዋና መንገድ፣ ቀጥታ ግዥን ደግሞ በምክንያት የሚፈቀድ ልዩ ሁኔታ አድርጎ ነበር። እሱን የተካው የ2016ቱ አዋጅ ቁጥር 1333ም ከዚህ አልወጣም። ውድድሩ እውነተኛ ከሆነ መንግሥት የኮንትራክተሩን ጓዳ ማየት አያስፈልገውም፤ እንደ ማዘር ሦስት ሱቅ ዞሮ መጥቷልና።

ችግሩ ውድድሩ ሲጠፋ ነው። አንዳንዴ በ«ቀለም ቅም» ይጠፋል። አንዳንዴ ደግሞ ሆን ተብሎ፣ በይፋ፣ በአገር ጉዳይ ስም ይጠፋል።

ያለ ጨረታ

ግልገል ጊቤ ሁለትን እናንሣ። 420 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ ውኃውን 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ የሚወስድ ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በ490 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ለጣሊያኑ ሳሊኒ ያለ ጨረታ ተሰጠ። ጣሊያን 220 ሚሊዮን ዩሮ፣ የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ 50 ሚሊዮን ዩሮ አበደሩ። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቆፋሪው ማሽን ያልተጠበቀ ልል ድንጋይና ጭቃ አጋጥሞት ተቀረቀረ፤ ሥራው ዘገየ። ጥር 2002 ተመረቀ፤ ሪባኑ ተቆርጦ ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ወር፣ የዋሻው ከፊል አካል ተደረመሰ።

ዋሻ መደርመሱ ዋጋው ውድ ነበር ማለት አይደለም። ይህን የሚል ካለ ሙያውን አያውቅም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ከመሬት በታች ያለው ድንጋይ ምን እንደሆነ በቂ እውቀት በሌለበት የተቆረጠ ዋጋ ውስጥ ለዚያ አደጋ ስንት ተይዞ ነበር? ኮንትራክተር «ድንጋዩ ቢከፋ የእኔ ዕዳ» ብሎ ሲፈርም በነጻ አይፈርምም፤ ዋጋው ላይ ይጨምራል። ጭማሪው ተገቢ ሊሆን ይችላል። ግን ገዢው «ለዚህ ስጋት ስንት ያዝክ? ለምን?» ብሎ ካልጠየቀ ስጋቱን ገዝቶት ይሁን ተታልሎበት ይሁን መለየት አይችልም።

ከዚያ ህዳሴ ግድብ መጣ። በመጋቢት 2003 የሲቪል ሥራው ለዚሁ ለሳሊኒ በቀጥታ ተሰጠ፤ ጠቅላላ ወጪው 80 ቢሊዮን ብር ገደማ እንደሚሆን ተነገረን። ወላጆቻችን የወር ደሞዛቸውን ከፋፍለው ሰጡ። እኛም ቦንድ ገዛን፤ አንዳንዶቻችን ገና ተማሪ ነበርን። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ያላለቀሰ በመሐላችን የለም፤ ይህን ስንጽፍም አንድም የሚያሳፍረን ነገር የለም። ደግሞም ያኔ ጨረታ ለምን አልወጣም የሚለውን ክስ በሙሉ ልባችን አንቀበለውም። አበዳሪ በሌለበት፣ ግብፅ እያንዳንዷን እርምጃ በምትከታተልበት ሁኔታ ዓለም አቀፍ ጨረታ አውጥቶ ዓመት መጠበቅ ቀልድ ነበር። ምስጢር መሆኑ ይገባናል።

ጨረታን መተው አንድ ነገር ነው፤ ጨረታ ይሠራው የነበረውን ሥራ ሳይተኩ መተው ግን ሌላ ነው። ውድድር ከሌለ የማዘር ሁለተኛዋ ዘዴ ትቀራለች፤ ጫማውን አገላብጦ ማየት። የትኛው ወጪ ለምን፣ የትኛው ትርፍ ስንት፣ ገዢው ምን ጠይቆ ምን አስቀነሰ የሚል የድርድር ሰነድ ለእኛ ለከፋዮቹ ቀርቦ አላየንም። ያኔ በምስጢር መያዙን እንቀበል፤ ግድቡ ተመርቆ፣ ኃይል እየሸጠ ዛሬም ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት ግን አይታየንም።

የሜቴክን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በ2002 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የህዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካልና የብረታ ብረት ሥራ፣ የስኳር ፋብሪካዎች፣ የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ተሰጠው። ገዢውም መንግሥት፣ ሻጩም መንግሥት! የልማት ድርጅቶች ደግሞ በ649ኙ አዋጅ በቀጥታ አይገዙም ነበርና በሩ ሰፊ ነበር። ነሐሴ 2010 የግድቡ ሥራ እንደተወሰደበት ተነገረን። ኅዳር 2011 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በሰጡት መግለጫ ኮርፖሬሽኑ በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን አስታወቁ።

ያን ሰሞን ሁሉም የሚያወራው ስለ ሰዎቹ ነበር። ካቴና፣ ሔሊኮፕተር፣ ዶክመንተሪ። እኛም ተቀምጠን አየነው። ያን ክርክር ለፍርድ ቤት እንተወው። እኛን የከነከነን ሌላ ነው። ለአንድ ዕቃ ከሚገባው በላይ ተከፈለ ለማለት የሚገባውን ማወቅ ያስፈልጋል። የሚገባው ዋጋ ከተከፈለ ከስድስት ዓመት በኋላ በመርማሪ ከታወቀ፣ ከመከፈሉ በፊት በሒሳብ ባለሙያ ለምን አልታወቀም? ይህን የሚሠራ ክፍል፣ ይህን የሚያስገድድ ደንብ፣ «አልፈርምም» የሚል ሰው የት ነበር? ሰዎቹን ቀይረን ቦታውን ባዶ ከተውነው ሌላ ዶክመንተሪ መጠበቅ ነው።

እስኪ አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት እንግዛ

«የወጪ ትንተና» ሲባል ትልቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ሲቪል ምሕንድስና ከተማሩት ጓደኞቻችን ጋር ማኪያቶ ይዘን የሠራነውን እነሆ።

በአገራችን ግንባታ ሲ-25 የሚባለው ኮንክሪት በተለመደው መለኪያ በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ፣ ማለትም 3.6 ኩንታል ሲሚንቶ ይወስዳል። ኮንትራክተሩ የነጠላ ዋጋ ትንተናውን ሲያቀርብ ሦስት አምድ አለው፤ ማቴሪያል፣ የሰው ጉልበት፣ መሣሪያ። ከሥር ኦቨርሄድና ትርፍ ይደመራል። አሁን አምዱ ላይ ሲሚንቶ 4.5 ኩንታል ተብሎ ተጽፎ አገኛችሁ እንበል። የብክነት ተብሎ ትንሽ ቢጨመር ያለ ነው፤ 0.9 ኩንታል ግን ብክነት አይደለም። ለሒሳቡ እንዲቀለን ኩንታሉን በ1 ሺህ ብር እንያዘው። በአንድ ሜትር ኩብ 900 ብር። ፕሮጀክቱ 10 ሺህ ሜትር ኩብ ካለው 9 ሚሊዮን ብር። በአንዲት መስመር። በዚያ ላይ ኦቨርሄድና ትርፍ በመቶኛ ስለሚደመር የሌለው ሲሚንቶ ትርፍም ያስገኛል ማለት ነው!

ወደ መሣሪያው አምድ ስትሄዱ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ኮንትራክተሩ የራሱን ኤክስካቫተር በገበያ የኪራይ ዋጋ አስልቶታል። የራስህን መሣሪያ ለራስህ ታከራያለህ እንዴ? መሣሪያው የተገዛበት ዋጋ፣ ዕድሜው፣ ነዳጁ፣ ጥገናው፣ ኦፕሬተሩ ተደምሮ የሰዓት ዋጋ ይወጣዋል፤ የአከራይ ትርፍ የለበትም። ደግሞስ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል ተብሎ ነው የተያዘው? ኦቨርሄዱ ውስጥ ያለው ፕራዶ ሳይት ላይ ነው ወይስ ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳል? ይቺ ተራ ሐሜት አይደለችም፤ ሙያው ይቺን ራሷን መጠየቅ ነው።

«ይሄ እኮ ጨረታ በሌለበት ብቻ ነው» የሚል አይጠፋም። የለም። ጨረታ ባለበትም ድርድሩ ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ካሸነፈ በኋላ ነው። ቢኦኪው ላይ የአለት ቁፋሮ 50 ሜትር ኩብ ተብሎ ተይዟል እንበል። ቦታውን የሚያውቅ ብልጥ ተጫራች እዚያች መስመር ላይ ሰማይ የነካ ዋጋ ይጽፋል፤ ብዛቱ ትንሽ ስለሆነ ድምሩን አያንረውም፤ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ያሸንፋል። ቁፋሮው ሲጀመር አለቱ 5 ሺህ ሜትር ኩብ ሆኖ ይገኛል። ዋጋው ደግሞ ተፈርሟል! ቫሪዬሽኑም እንደዚያው ነው። ውሉ ላይ ያልነበረ ሥራ ሲጨመር አዲስ ነጠላ ዋጋ በንግግር ይቆረጣል። ተወዳዳሪ የለም፤ ኮንትራክተሩ ሳይት ላይ ነው፤ ማሽኑ ቆሟል፤ ሚኒስትሩ የምረቃ ቀን ተናግረዋል። በዚህ ሰዓት ከመንግሥት ወገን የተቀመጠው ሰው ዝርዝሩን መግለጥ ካልቻለ ምን ይቀረዋል? መፈረም።

የአሜሪካኖቹ ነገር

አሜሪካኖቹ ይህን ነገር በብዙ ገንዘብ ተምረውታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጦር መሣሪያ ግዥው አብዛኛው ያለ ውድድር፣ ከአንድ አምራች ጋር በድርድር የሚፈጸም ሆነ። የኮንግረሱ ኦዲተሮች ሲያጣሩ ድርጅቶች የሚያውቁትን እውነተኛ ወጪ ደብቀው ዋጋ ሲያስወስኑ ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1962 በድርድር ውስጥ እውነት መናገርን የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። ውድድር በሌለበት ትልቅ ውል ሻጩ የወጪ መረጃውን ያቀርባል፤ መረጃው የቅርብ፣ ትክክልና ሙሉ ነው ብሎ ይፈርማል። በኋላ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ዋጋው ወደ ኋላ ተመልሶ ይቀነሳል። በ1965 ደግሞ ሥራው ይሄንኑ መፈተሽ የሆነ የመከላከያ ኮንትራት ኦዲት ኤጀንሲ አቋቋሙ።

ደንባቸው ውስጥ እኛን ያሳቀን ክፍል አለ። ኮንትራክተር መንግሥትን ማስከፈል የማይችላቸው ወጪዎች ተዘርዝረዋል፤ የመጠጥ፣ የመዝናኛ፣ የበጎ አድራጎት ስጦታ፣ ሕግ ጥሶ የተቀጣው ቅጣት። ሰው ሞክሮት ባይሆን ኖሮ አይጻፍም ነበር። ሌላም ክልክል አለ፤ «ያወጣኸውን ሁሉ እከፍላለሁ፣ በላዩ ላይ በመቶኛ ትርፍ እጨምራለሁ» የሚል ውል አይፈቀድም። ብዙ ባባከንክ ቁጥር ብዙ ታተርፋለህ ማለት ነውና።

ይህ ሁሉ ኖሮም ያመልጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የመከላከያቸው ዋና ኢንስፔክተር ትራንስዳይም የሚባል የአውሮፕላን መለዋወጫ ሻጭ ያቀረባቸውን 47 ዕቃዎች መረመረ፤ 46ቱ ላይ ከልክ ያለፈ ትርፍ ተይዞ ተገኘ። 46 ዶላር ሊያወጣ የሚገባው ፒን 4,361 ዶላር ተሽጧል። ግዥዎቹ አብዛኞቹ መረጃ ከሚያስገድደው የገንዘብ ጣሪያ በታች ነበሩ። ገዢዎቹ የወጪ ዝርዝር ሲጠይቁም ድርጅቱ በአብዛኛው እምቢ ብሏል፤ ለዕቃው ሌላ ሻጭ ስለሌለ እምቢታውም ሠራለት። በመጨረሻ፣ ነገሩ ኮንግረስ ፊት ሲቀርብ፣ 16.1 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው «አሜሪካም ይሰረቃል» የምትለዋን ማጽናኛ አይደለም። እዚያ 47 ዕቃ ተመርጦ፣ የእያንዳንዱ ወጪ ተሰልቶ፣ ስንት እንደበለጠ በዶላር ተነግሮ፣ ገንዘብ ተመለሰ። ይህን ለማድረግ የሚገባውን ዋጋ የሚያሰላ ሰው መኖር አለበት።

ኮንትራክተሩም የሚለው አለው

እስካሁን ኮንትራክተሩን አማነው፤ አሁን እሱን እንስማ። አንድ አነስተኛ ተቋራጭ ዘመድ ያለው ከመሐላችን አለ። ሰውየው እንዲህ ይላሉ፦ «መንግሥት የሠራሁበትን በወሩ ቢከፍለኝ በአሥር በመቶ ቀንሼ እሠራለት ነበር። ክፍያው ስድስት ወር እንደሚቆይ ስለማውቅ የባንክ ወለዱን አስቀድሜ ዋጋው ውስጥ አስገባዋለሁ። እኔ ካላስገባሁት ማን ይከፍልልኛል?»

እውነታቸውን ነው። ኮንትራክተር የሚጽፈው ዋጋ የድንጋይና የሲሚንቶ ብቻ አይደለም፤ የገዢው ጠባይም ዋጋ አለው። ዲዛይኑ ሳያልቅ ጨረታ የሚያወጣ፣ ቦታውን ከነዋሪ ሳያስለቅቅ ውል የሚፈርም፣ ሰርተፍኬቱን ጠረጴዛ ላይ የሚያሳድር መሥሪያ ቤት ራሱ ዋጋውን ያስወድደዋል። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። በአሮጌው ምንዛሪ ብረትና ሊፍት አስልቶ የፈረመ ተቋራጭ በአንድ ሌሊት ኪሳራ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የሚጫረት ሰው ለሚመጣው ሁሉ ትራስ ቢይዝ ይፈረድበታል?

ስለዚህ ጎበዝ ተደራዳሪ «ቀንስ» ብቻ አይልም። «ይሄ የያዝከው ለምንድን ነው?» ይላል። መልሱ «ትዘገያላችሁ ብዬ ነው» ከሆነ የክፍያ ቀን ቆርጦ ያንን ማውረድ ይቻላል። መልሱ «ብረት ይጨምራል ብዬ ነው» ከሆነ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ገብቶ ትራሱ ይወጣል። ከሲሚንቶው የተጋነነው 0.9 ኩንታል ግን መልስ የለውም፤ እሱ ብቻ ነው መቆረጥ ያለበት። ዝም ብሎ ከድምሩ ላይ አሥር በመቶ ማስቀነስ ቀላል ነው፤ ኮንትራክተሩም ያንን አውቆ ሃያ ጨምሮ ይመጣል። መርካቶም እንደዚያው አይደል?

ታዲያ ማን ይቀመጥ?

ሁሉም ሰው የሚዘላት ጥያቄ ይቺ ናት። ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የተቀመጠው የድርጅቱ ኳንቲቲ ሰርቬየር ሃያ ፕሮጀክት ያሰላ ነው። ወዲህ ማዶ ያለው በመንግሥት ደሞዝ የቤት ኪራይ ከፍሎ የተረፈውን ለታክሲ የሚያብቃቃ ወጣት መሐንዲስ ነው። ትንሽ ልምድ ሲያገኝ ወደ ማዶው ይሻገራል። እዚያው የቆየው ደግሞ ይፈራል። ከኮንትራክተር ጋር ቁጭ ብሎ ዋጋ ያነጋገረ ሰው፣ አሥር ሚሊዮን ብር ቢያስቀንስ እንኳ፣ ነገ «ምን ተቀብለህ ነው ሌላ አሥር ያላስቀነስከው?» ይባላል። ዝቅተኛውን መርጦ ፋይል የዘጋው ግን ማንም አይነካውም። ሰብሳቢው «ዝቅተኛው የቱ ነው?» ያሉት ደንቆሮ ስለሆኑ አይደለም፤ ጡረታቸው ስለደረሰ ነው።

እኛ ብንጠየቅ ያለ ጨረታ የሚሰጥ ማንኛውም ትልቅ ውል ከመፈረሙ በፊት ኮንትራክተሩ ወጪውን ዘርዝሮ፣ እውነት ነው ብሎ ፈርሞ፣ መዝገቡም እንዲመረመር ፈቅዶ ያስገባ እንላለን፤ የልማት ድርጅቶችና የመንግሥት ኮርፖሬሽኖችም ከዚህ ሳይቀሩ። ዋናው ግን የድርድር ማስታወሻው ነው። ምን ተጠየቀ፣ ምን ተመለሰ፣ ከየት ተነሥቶ የት ተደረሰ፣ ለምን የሚል አራት አምስት ገጽ። አሜሪካኖቹ ይህን ወረቀት ሳይጽፉ በድርድር የደረሱበትን ውል አይዘጉም። ይህ ወረቀት የሚጠቅመው መጀመሪያ ለዚያ ለሚፈራው መሐንዲስ ነው። «ለምን በዚህ ዋጋ ፈረምክ?» ሲባል የሚያወጣው ጋሻ ይሆነዋል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ይታተም፤ እኛም እናንብበው። ኢትዮጵያ የግንባታው ዘርፍ ግልጽነት ዓለም አቀፍ ንቅናቄ፣ «ኮስት» የሚባለው፣ ሲጀመር ከሙከራ አገሮቹ አንዷ ነበረች፤ መነሻ ዋጋና መጨረሻ ዋጋ ጎን ለጎን ለሕዝብ ይውጣ የሚለው ሐሳብ ለዚህች አገር አዲስ አይደለም። ግዥውም ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ነው። መልካም ነው፤ ግን ኮምፒውተር ውስጥ የገባ «ቀለም ቅም» ያው «ቀለም ቅም» ነው። የነጠላ ዋጋዎቹ ተሰብስበው አንድ መሐንዲስ «ያለፈው ዓመት ሌላ መሥሪያ ቤት ይሄንን ኮንክሪት በስንት አሠራ?» ብሎ በሁለት ደቂቃ ማየት ካልቻለ ከወረቀት ወደ ስክሪን ተዛወርን እንጂ ሌላ አልሆነም።

ያ የፕሮፎርማው ጓደኛችን፣ ከኮሚቴው ከወጣ ቆይቷል። አሁን አንድ ተቋራጭ ዘንድ ዋጋ አዘጋጅ ነው፤ ደሞዙ ሦስት እጥፍ ሆኗል፤ ማኪያቶውንም እሱ ነው የሚከፍለው። ባለፈው ስንገናኝ ይህን ጽሑፍ እያዘጋጀን መሆኑን ነገርነውና ሳቀ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያቀረበውን የቫሪዬሽን ዋጋ ትንተና ከመንግሥት ወገን ገልጦ የጠየቀው ሰው አንዲት ልጅ ብቻ ናት አለን። ሲሚንቶው ላይ ጣቷን አሳርፋ «ይሄ ለምን በዛ?» አለችው።

«ከዚያስ?» አልነው።

«ቀነስኩላት» አለ።

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ አልጠየቁኝም።»